የሃሎክላይን ትርጉም በደሴታችን እንዴት በክብር እንደተጠበቀ

ማን ይናገር የነበረ ነውና፣ ደሴታችን ለሳይንስ ያበረከተችውን ውለታ ለመጪው ትውልድ የማስረዳት ከባድ ኃላፊነት በእኔ ጫንቃ ላይ ወድቋል። ሌሎች አገሮች ሳይንስን በየትምህርት ቤቱና በየሬዲዮኑ ይበትኑታል፤ የሰማውም ያልሰማውም እያነሳ ይጫወትበታል። እኛ እንዲህ ያለ ብልግና አናውቅም። ከሳይንስ የደረሰችን አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እሷንም ማንም ሳያያት፣ ማንም ሳይነካት፣ እንደ መጣች ጠቅልለን አስቀመጥናት። ጥበቃው ያስከፈለን ነገር ቢኖር የመጠጥ ውሃችንን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲገባ ከሥሩ ልጀምር። በእኛ ዘንድ ዕውቀት የቤተሰብ ንብረት ነው። በኮከብ ታንኳ የሚመራ፣ ለጭፈራ ዜማ የሚያወጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባባይ የሚያሳድግ ሰው አያቱ በጆሮው ያንሾካሾኩለትን ለልጁ ያንሾካሹካል እንጂ ለጎረቤት አያወራም። ባባይ በረግረግ ጉድጓድ ውስጥ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ብዙ ዓመት ተጠብቆ የሚወጣ ትልቅ ጎደሬ ነው። ያለ ባባይ ሰርግ ሰርግ አይደለም። ባለቤቱ ጉድጓዱን በሰሌን ከልሎ፣ የቱን ቅጠል ከየትኛው አፈር ጋር እንደሚያዋህድ ሳያሳይ ያደልበዋል። ጎረቤት ድንገት ብቅ ቢል ባለቤቱ እጁን ጠርጎ ባህሩን ማየት ይጀምራል። የመጣውም ሰው ምንም እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። ይህ ጨዋነት ይባላል።

ሁለተኛው ሀብታችን እኩልነት ነው። ከሌላው በአንድ ጣት ከፍ ብሎ የታየ ሰው እኛ ዘንድ ወዳጅ የለውም። ትልቅ ዓሣ የያዘ “ምን ዓሣ ነው ይሄ” እያለ ይገባል፤ ጣሪያውን አሳምሮ የከደነ አንዷን ጥግ እንደ ነገሩ ይተዋታል። ዕውቀትን መሰወርና ማንንም አለመብለጥ፤ በነዚህ ሁለት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሕዝብ አይወድቅም። ውሃ ሊጠማው ግን ይችላል።

አንድ ጊዜ ታራዋ ላይ፣ ዋና ከተማችን ማለት ነው፣ ስለ ውሃ ሥልጠና ይሰጣልና ከየደሴቱ አንድ ሰው ይላክ ተባለ። ሽማግሌዎቻችን በጥልቀት መክረው ኢዮቴብዋን መረጡ። ኢዮቴብዋ ጠላት የሌለው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ መርከብ ላይ የማያስመልሰው ሰው ነው። ሄዶ ተማረ፤ ተመለሰ። በተመለሰ ማግስት ሁላችንም በማኔአባ ተሰበሰብን። ማኔአባ ጣሪያው እስከ መሬት የሚወርድ ትልቁ የመሰብሰቢያ ዳሳችን ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት በተሰጠው ምሰሶ ሥር ይቀመጣል። ሰብሳቢያችን አባባ ተባኖ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“እህ፣ ኢዮቴብዋ። እንዴት ነበር ትምህርቱ?”

“ደህና ነበር።”

“ምን አስተማሩህ?”

“ሃሎክላይን።”

እንዲህ ያለ ረዥምና ጌጠኛ ቃል በመካከላችን ተነግሮ አያውቅም።

“ምን ማለት ነው?” አለ ካቡአቲ። ካቡአቲ የዋናው ማዕዘን ምሰሶ ባለቤት ነው፤ አፉ ሁልጊዜ ከሱ ቀድሞ ስብሰባ ይገባል።

ኢዮቴብዋ ባህሩን አየ። “ከባድ ነገር ነው።”

“ክብደቱን ተወውና ትርጉሙን ንገረና!”

“እኔን ነው ያስተማሩኝ፣ ጋሼ ካቡአቲ። እኔ ደግሞ ልጅ አለኝ።”

ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅ አለኝ ካለ ነገሩ አልቋል፤ ትርጉሙ የኢዮቴብዋ ቤት ርስት ሆኗል ማለት ነው። መንግሥት ለደሴት ሙሉ ብሎ ያስተማረው ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር የአንድ ቤት ውርስ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው። ካቡአቲ “መሳፈሪያውን እኮ ያዋጣነው…” ብሎ ሊቀጥል ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎሰም አደረገችውና ተወው።

ቃሏ ግን ያለ ትርጉም መቀመጥ አልቻለችም። ባለቤቱ ትርጉሟን ስለ ደበቀው ሕዝቡ በየቤቱ የየራሱን አወጣላት። አንዳንዱ የታራዋ ሰዎች በሽታ ናት አለ፤ አንዳንዱ ከሚኒስትር በታች፣ ከዳይሬክተር በላይ የሆነች ሹመት ናት አለ። ወጣቶች የኳስ ቡድናቸውን በስሟ ሰየሙ። ፓስተራችን አንድ እሑድ “ጌታ ሆይ፣ ከሃሎክላይን ሰውረን” ብሎ ጸለየ፤ ምናልባት መልካም ነገር ብትሆንስ ብሎ ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ “ሃሎክላይንን አብዛልን” አለ። ሁለቱንም ጊዜ አሜን ብለናል። ሰው ሲጣላ እንኳ “አንተ ሃሎክላይን!” መባባል ተጀምሮ ነበር፤ ኢዮቴብዋ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይቀላል፣ ግን አያርምም። ቢያርም ይታወቅበታላ።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ባለሙያ በመርከብ የሶላር ፓምፕ ይዛ መጣች። ቀጭን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ የታችኛውን ውሃ ለመለካት ነው አለች። ለካች፤ ፓምፑን በቱቦ አንጠልጥላ አወረደች። ለጥገና ይሁናችሁ ብላ የቱቦ ቁራጮችም ተወችልን፣ እየተጠማዘዙ የሚቀጣጠሉ። ባህሩ እንደየዕለቱ ከዳርቻው መሸሽ ጀምሮ መርከቡ ሲጮህባት፣ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አድርጋ እንዲህ አለች፦

“ፓምፑን ከሃሎክላይኑ በላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ከዚያ በታች በፍጹም እንዳይወርድ! የላካችሁት ሰው ተምሯል፤ እሱ ያውቃል። ጥያቄ አለ?”

ጥያቄ የለም አልን። እንግዳን ስትሄድ በጥያቄ መያዝ ነውር ነው። አባባ ተባኖ የአበባ ጉንጉን አጠለቀላትና ሸኘናት።

ፓምፑ ሠራ። ውሃው ቀጭን ነበር፣ ግን ጣፋጭና የማያቋርጥ። ሴቶች ባልዲያቸውን ሞልተው ይሄዱ ጀመር። ይህ ሁኔታ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ እኛም ለሳይንስ ምንም ሳናበረክት በቀረን። እግዚአብሔር ይስጠውና እኩልነት ደረሰልን።

“ይሄ ፓምፕ የማን ነው?” ብሎ ነገሩን ያነሳው ካቡአቲ ነው።

“የሁላችንም ነው እንጂ” አለ ተባኖ።

“ታዲያ ፓምፑ ሲንጠለጠል አጠገቡ የነበረው ኢዮቴብዋ ብቻ። ገመዱን የያዘው ኢዮቴብዋ። ዛሬ ልጆቹ የት ነው የሚሄዱት ብትላቸው ወደ አባታችን ፓምፕ ይሉሃል!”

ዳሱ አጉረመረመ። ኢዮቴብዋ ልጆቼ እንደዚያ አላሉም ቢል ማንም አልሰማውም። ሽማግሌዎች መከሩና የሚከተለው ውሳኔ ተላለፈ፦ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ተሳትፎ በቱቦው ላይ በእኩልነት ይረጋገጥ ዘንድ፣ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ቁራጭ ቱቦ በገዛ እጁ እየቀጠለ ፓምፑን ዝቅ ያድርግ።

ሥነ ሥርዓቱ ያማረ ነበር። ሴቶች ጨፈሩ። የመጀመሪያውን ቁራጭ የተባኖ ቤት ቀጠለ፤ ተጨበጨበ። ሁለተኛው ቤት ቀጠለ። ኢዮቴብዋ ግንባሩን ይጠርግ ጀመር።

“የሚበቃ ይመስለኛል” አለ።

“ለምን ይበቃል?” አለ ካቡአቲ።

“እንዲሁ… ረዘመ።”

“ምክንያቱን ንገረና እናቁም።”

ኢዮቴብዋ ባህሩን አየ።

“ተባኖ ሙሉ ቁራጭ ጨምሮ እኔ ጋ ሳይደርስ ሊበቃ? እኛ የእንጀራ ልጅ ነን?” አለ ካቡአቲ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

እዚህ ላይ አንድ የታዘብሁትን ልናገር። ቱቦው በወረደ ቁጥር ዝም ያለው ኢዮቴብዋ ብቻ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፣ አንዱ አንዱን በጎን ያያል፣ ሊናገር አፉን ይከፍትና ያዛጋ መስሎ ይዘጋዋል። ካቡአቲ ራሱ የቤቱን ቁራጭ ሲያጠብቅ ፊቱን ከጉድጓዱ አዙሮ ነበር። እኔ ይህን የሥነ ሥርዓቱ ታላቅነት ያመጣው ስሜት ነው ብዬ አለፍሁት። የእኛን ቤት ቁራጭ የቀጠልሁት እኔ ነኝ፤ ምንም የማያፈስ መገጣጠሚያ ነበር፣ ለመኩራራት አይደለም።

ሁሉም ቤት ከደረሰው በኋላ ተባኖ ቆሞ ንግግር አደረገ። “ዛሬ” አለ፣ “ደሴታችን ወደ ጥልቀት ገብታለች። ከእንግዲህ የሚበልጠን የለም፤ እኛም ማንንም አንበልጥም።” እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንባውን እየጠረገ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሻይ እንግዳ ጣዕም አመጣ።

ማንም ምንም አላለም። ጨው ሆነ ቢባል፣ በየትኛው ቤት ቁራጭ ነው ጨው የሆነው የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ያ ደግሞ ጠብ ነው። ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን ተባብለን ጠጣን። ሰው በጎውን ማየት ይችላልና፣ ሩዝ ሲቀቀል ጨው መግዛት ቀረልን የሚሉ ነበሩ። ሕፃናት በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ሲጠጡ ፊታቸውን ያጨማድዱ ጀመር፤ ሕፃን ደግሞ እኩልነት አይገባውም።

ማማሰያዋን ይዛ ነገሩ ውስጥ የገባችው ነይ ማሬዌ ናት። ነይ ማሬዌ የሚስቴ እናት ነች፤ “ነይ” በእኛ ዘንድ ለሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። የባባይ ጉድጓዷ ከፓምፑ አይርቅም፤ በውስጡ ያለው ባባይ ልጄ ራቲታ መራመድ ከጀመረች ጊዜ አንስቶ የደለበ ነው። ራቲታ ለሰሜን ደሴት ልጅ ታጭታለች፤ የሙሽራው ቤተሰብ በታንኳ ሲመጣ ያ ባባይ ወጥቶ ፊታቸው ካልቀረበ፣ ልጅቱ ዕድሜ ልኳን በአማቶቿ ቤት ባዶ እጇን የመጣች ተብላ ትኖራለች። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ የሰሜን ሰዎችማ ከሁሉም በላይ ያውቃሉ። አንድ ጠዋት አማቴ የወየበ ቅጠል ይዛ ደጄ ቆመች።

“እየው ይሄን።”

“ትንሽ ቢጫ ብሏል፣ እማማ።”

“ትንሽ? ዓይንህን የወፍ በሽታ ይዞታል እንዴ? ሥሩ እየላመ ነው! ያ ቃል ምን ማለት ነው? ያ ኢዮቴብዋ ያመጣው?”

“እሱ የኢዮቴብዋ ቤት ነገር ነው፣ እማማ።”

“የኢዮቴብዋ ቤት ነገር እኔ ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል?”

መልሴን አልጠበቀችም። ከፓምፑ ውሃ ቀድታ፣ ሻይ አፍልታ፣ ማንቆርቆሪያዋን አንጠልጥላ ሽማግሌዎቹ ወደ ተቀመጡበት ማኔአባ ገባች። ስኳር አልጨመረችበትም። ለሁሉም በየተራ ቀዳች። ሻይ የተቀዳለት ሰው አልጠጣም ማለት አይችልም።

“እንዴት ነው ሻዩ፣ አባባ ተባኖ?”

“ኧረ ግሩም ነው፣ ልጄ።”

“ጨው አልበዛበትም?”

“የምን ጨው? እ… ቢኖርም ጉልበት ይሰጣል።”

“አንተስ፣ ካቡአቲ?”

“እኔማ እንዲያውም እንዲህ ሲሆን ነው የምወደው!” አለ ካቡአቲ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ።

“ኢዮቴብዋ፣ አልጠጣህም።”

“ይቀዝቅዝልኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።”

“የራስህ ባባይ እንዴት ነው?”

ኢዮቴብዋ ኩባያውን አስቀመጠ። የሱም ባባይ ሲወይብ እኔ አይቼ ነበር፣ አላየሁም እንጂ።

ነይ ማሬዌ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ፊቱ ተቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እኔ እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። “ያሳደግሁት ለልጅቷ ነው። ሰርጉ ደርሷል። የምለምንህ ለክፋት አይደለም፤ አንድ ቃል ተናገርና ባባዬን ላድን። ያንተንም አድን።”

ኢዮቴብዋ አለቀሰ። ከዚያ ተናገረ። “ከእግራችን በታች የሚጠጣ ውሃ አለ። ከሱ ሥር ባህሩ አለ። የሚጠጣው ቀለል ስለሚል ጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። ታች ስትወርዱ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት፣ ጨው ድንገት የሚበረታበት ድንበር አለ። ሃሎክላይን እሱ ነው። በላዩ ሆነን ቀስ ብለን ብንቀዳ ይበቃን ነበር። ቱቦው ግን ድንበሩን አልፏል። ባህሩን ወደ ላይ እየጠባን ነው።”

ከዚያ ተባኖ በሁለት እጁ ተደግፎ ተነሳ።

“ይሄን ከየት አመጣኸው?”

“ታራዋ፣ ከሥልጠናው…”

“ውሸት! ይሄ የኛ ቤት ነው! አያቴ ሲሞት ነው ለኔ ብቻ የነገረኝ! ሁለቱ ውሃዎች የሚኳረፉበት ይባላል! ማነው ሾልኮ የሰማኝ?”

“የናንተ ቤት?” ብሎ ዘለለ ካቡአቲ። “የባህር ጣሪያ ነው ስሙ! ጉድጓድ ስትቆፍር የባህርን ጣሪያ እንዳትበሳ ብሎ አባቴ በጆሮዬ ነው የነገረኝ! ሌቦች!”

በየምሰሶው ሥር ሰው ተነሳ። አንዱ ቤት የጨው በር ይላታል፤ ሌላው ቤት የታችኛዋ ሚስት ይላታል። ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። መላው ደሴት አንድ ምስጢር ነበረው፤ ሁሉም ቤት ከሁሉም ቤት ደብቆ፣ ሰሌን ጋርዶ፣ ሲያወርሰው የኖረ። የእኛም ቤት አለው። ስሙን አልነግራችሁም።

“ቆይ” አለች ነይ ማሬዌ። “ቱቦውን ስትጨምሩ ሁላችሁም እያወቃችሁ ነበር?”

ተባኖ ክብሩን ሰብስቦ መለሰላት። “ልጄ፣ በቃ ብል ከየት አወቅህ ይሉኛል።”

“ዝም አይነቅዝም” አለ ካቡአቲም፣ በዚህ ብቻ ከተባኖ ጋር ተስማምቶ።

ጉባኤው ወዲያው ሥራውን ጀመረ። ኢዮቴብዋ የመላው ደሴትን የቤተሰብ ምስጢር በአንድ ትንፋሽ አደባባይ አውጥቷል በሚል ተከሰሰ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መከላከያ አልነበረውም። ለእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ባባይ እንዲክስ ተፈረደበት። ባባዩ እንደ በሰበሰ ቢያመለክት፣ ያ የሱ ጉዳይ ነው ተባለ። ቀጥሎ ቱቦውን የማሳጠር አጀንዳ ቀረበ። መጀመሪያ የሚወጣው መጨረሻ የተቀጠለው ነው ሲባል ካቡአቲ ተነሳ።

“የመጨረሻው የኔ ቤት ነው። ከሁሉም መርጣችሁ የኔን ልትነቅሉ? በተባኖ ይጀመር!”

“የኔ እኮ ከሁሉም ቁራጮች ሥር ነው ያለው፣ አንተ ሰው!”

“ሥር ነህ ብዬ የሰደብሁህ እኔ ነኝ?”

ክርክሩ በዚሁ ሲቀጥል ነይ ማሬዌ ወጣች። ሄዳ የፓምፑን የኤሌክትሪክ ገመድ ከሶላሩ ነቀለችው፤ ጠቅልላም መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ከዳሱ ሆነን ሁላችንም አይተናት ነበር፤ ሁላችንም አላየናትም። ጉባኤው የቱቦውን ተራ አሁንም አልወሰነም፤ ሰዉ ወደ ድሮው የእጅ ጉድጓድ ተመልሶ ቀስ እያለ ይቀዳል፣ ሻዩም ሻይ ሆኗል።

ጉድጓድ የገባ ጨው ግን ገመድ ስለተነቀለ አይወጣም፤ ብዙ ዝናብ ይፈልጋል፣ ሰርጉ ደግሞ ዝናብ አይጠብቅም። አማቴ እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ ቅጠል አልያዘችም። አጠገቤ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

“ትልቁ ማዕበል መንደሩን ያጥለቀለቀ ጊዜ የሁሉም ባባይ ሞተ፤ የአባትህ ብቻ ዳነ። ሁላችንም አይተናል። ማለቴ… አላየንም። ጨው የገባበትን ጉድጓድ ምን አድርጎ ነው ያዳነው?”

አባቴ ነግሮኛል። ከባድ ሥራ አይደለም፤ ቅጠሉ በየመንገዱ ያለ ቅጠል ነው፣ አንድ ሰው በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ልቤ ፈራ ተባ አለ፤ ይህን አልዋሽም። የአማቴ ጥፍሮች በጉድጓዱ ጭቃ ጠቁረው ነበር።

“እማማ፣ እርስዎ ያውቃሉ፤ እሱ የአባቴ ነገር ነው።”

“የምትዳረው የራስህ ልጅ ናት እኮ!”

“እሱን ነው የምልዎ። ሴት ናት፤ ነገ ባሏ ቤት ትሄዳለች። እርስዎ ሲሠሩት ታያለች። የአባቴ ምስጢር በሰሜን ደሴት ይደር?”

ነይ ማሬዌ ተነስታ ሄደች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜን አትጠራም፣ “የራቲታ አባት” እንኳ አትለኝም። ባባዩን ያለ ጊዜው ቆፍራ አወጣችው፤ ግማሹ በእጇ ላይ ፈረሰ። የሙሽራው ቤተሰብ ሲመጣ ከሱቅ የተገዛ ሩዝና የቆርቆሮ ሥጋ አቀረብን። እነሱም ጨዋዎች ናቸው፤ ምንም እንዳላዩ ሆነው በሉ። የሙሽራው እናት ግን ራቲታን ታንኳ ላይ ስታሳፍር እጇን አልያዘችላትም። ልጄ ወደኔ ዞር ብላ አላየችም።

ጉድጓዱ ዛሬ ባዶ ነው፤ እንቁራሪት እንኳ የለበትም። ምስጢሩ ግን እኔ ዘንድ በደህና አለ፤ አንድ ቅጠሉ አልወየበም።